በኋላ ማርሽ ወደ ዶርዜ

ሌላው ሰው ጋደም ሲል ስለ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኔ በዚያን ዘመን ጋደም ስል የማስበው ስለ አንድ የቤንዚን ታንከር ነበር። አትሳቁ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ይረዳኛል። ታንከሩ የመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ፒክአፕ ታንከር ነው። አርባ አምስት ሊትር ይይዛል ይባላል። «ይባላል» ያልኩት ሞልቶ ያየው ሰው ስለሌለ ነው። ያለውም ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ስለነበር፣ ያቺን መኪና የነዳ ሰው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጠው ባዶ ነገር ላይ ነው።

የአርባ ምንጭ ፀሐይ ከምሳ በኋላ ሰውን ሳይወድ ታጋድመዋለች። እኔም በላይኛው ሰፈር በሴቻ ከተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ምንጣፍ ዘርግቼ፣ ከታች የተንጣለሉትን ሁለት ሐይቆች፣ ቀላ ያለውን አባያንና ሰማያዊውን ጫሞን በግማሽ ዓይኔ እያየሁ፣ ታንከሩን በሐሳቤ ጢም አድርጌ እሞላና መንገድ እጀምራለሁ። በደልዳላ መንገድ በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። ኮንሶን አልፋለሁ። ያቤሎን አልፋለሁ። ግመሎች ቆመው ያዩኛል። ነፋሱ በመስኮት ይገባል። ከዚያ ሞያሌ ሳልደርስ ቤንዚን ያልቅብኛል። እስኪ ፍረዱኝ፤ በሐሳቡ የሚነዳ ሰው ቤንዚን ሊያልቅበት ይገባል? ሌላ ሰው ቢሆን በሐሳቡ ይጨምርበት ነበር። እኔ ግን ከመኪናዬ እወርድና ባዶ ጀሪካን አንጠልጥዬ በዚያ በረሃ በእግሬ ስኳትን እንቅልፍ ይወስደኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሽማግሌ ልኬ ሚስት ስላስጠየቅሁባት ቅዳሜ ላወራችሁ ፈልጌ ነው።

አስቴር ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። አገሯ ዶርዜ ነው። አባቷ አቶ ኩማ እዚያው ደጋ ላይ ከቤታቸው ጎን ያለውን የሸማኔዎች ማኅበር የክር መጋዘን ይጠብቃሉ። እኔና አስቴር ከተግባባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፤ አባቷ ግን መልኬን አይተው አያውቁም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጠብቄያት በጥላ በጥላው ስንሄድ ድንገት ቆም አለች።

«አባቴ ቀጠሮ ሰጥቷል» አለችኝ። «ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ሽማግሌዎችህ ይድረሱ።»

«ካልደረሱስ?»

«ከሰዓት በኋላ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ከሶዶ ይመጣሉ። አባቴ ደግሞ ቀጠሮ አክብሮ ያልመጣን ሰው ሁለተኛ አይቀጥርም።»

«የሶዶው ሰውዬ ምንድን ነው?»

«ነጋዴ ነው።»

«መኪና አለው?»

«ሁለት።»

«ታንከራቸው ስንት ይይዛል?» ልላት ነበር። ጥያቄው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው። ብጠይቃት ኖሮ ሽማግሌ መላክ ሳያስፈልገኝ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ሦስት ሽማግሌ መረጥኩ። አንደኛው አከራዬ ጋሽ በየነ ናቸው፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ አንደበታቸው የሚያምር፣ ነገር ግን ወንበር ላይ ቆመው አምፖል መቀየር እንኳ የሚያዞራቸው ሰው። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ አቶ ማርቆስ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የሚያገለግሉ ጴንጤ ስለሆኑ ለቀልድ እንኳ አይዋሹም። ሦስተኛው አባ ዳልጋ፣ ከዶርዜ ወርደው ሲቀላ ሸማ የሚሠሩ የአገሩ ወግ አዋቂ ናቸው።

የመኪናውን ነገር ደግሞ እግዜር ራሱ ያመቻቸው መሰለኝ። የዚያን ቅዳሜ ፒክአፗ ክር ጭና አቶ ኩማ ወደሚጠብቁት መጋዘን የምትወጣበት ቀን ነበር። ሾፌራችን ጋሽ ኦይቻ፣ «ሽማግሌዎቹ ክሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ክር ሰው አይቆረቁርም» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ምን ሊበላሽ ይችላል? እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ስደርስ ጋሽ ኦይቻን ወባ ጥሏቸዋል። በዚያ ሙቀት ሁለት ጋቢ ደርበው ይንዘፈዘፋሉ። መንጃ ፈቃድ እኔም አለኝ፤ የነዳሁት ግን አብዛኛውን በሐሳቤ ነው። ጋሽ ኦይቻ ቁልፉን ሰጡኝ። ኬላ ላይ ሾፌር እንድመስል ቆባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ከትራሳቸው ሥር ክንድ የምታህል ቀጭን ቀርከሃ አወጡ።

የቤንዚን መለኪያው ከሞተ ዓመታት ስላለፉ ታንከሩ የሚለካው በዚያች ቀርከሃ ነው። መቀመጫውን አንስተህ፣ ክዳኑን ከፍተህ፣ ትነክራታለህ። በቢላዋ የተቆረጡ ምልክቶች አሉባት፤ ምልክቶቹ ግን ሊትር አይደሉም፣ አገር ናቸው። የመጀመሪያዋ ላንቴ ናት፤ እስከዚያ ከረጠበች ላንቴ ደርሰህ ትመለሳለህ። ሁለተኛዋ ጫሞ ዳር፣ ዓሣ የሚወርድበት ናት። ሦስተኛዋ ዶርዜ። አራተኛዋ ሶዶ። ከሶዶ በላይ ቀርከሃዋ ልሙጥ ናት፤ ጋሽ ኦይቻ ከዚያ በላይ እርጥበት አይተው አያውቁም።

«ዶርዜ ድረስ ከረጠበች አትስጋ» አሉኝ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። «ግን ስትለካ…»

እዚህ ላይ ብርዱ መጣባቸውና ጋቢውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡ። ከ«ግን» በኋላ የሚመጣውን ነገር ቆሞ የሚሰማ ሰው አስተዋይ ይባላል። እኔ ቁልፉን ይዤ ሮጥኩ።

የመጀመሪያው ሥራዬ መኪናዋን ሴቻ ድረስ ወስጄ በቤቴ በር ላይ ማቆም ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት እዚያ ስለሆነ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይደለም፤ ጎረቤት እንዲያይልኝ ነው። በሬ ዳገት ላይ ነው፤ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንጋጥጣ ቆመች። መቀመጫውን አንስቼ ቀርከሃዋን ነከርኩ። ላንቴ ረጥባለች። ጫሞ ረጥባለች። ዶርዜ ረጥባለች። እርጥበቱ ዶርዜን አልፎ ሶዶ አፋፍ ደርሷል! ደስታዬን አልቻልኩም። ለሁለት መንገድ የሚበቃ ቤንዚን ይዤ ለምን በአንዱ እሄዳለሁ ብዬ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ሴቻን ሁለት ዙር ዞርኩባት። ክላክስም አሰማሁ።

ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው መጡ። አባ ዳልጋ በእጃቸው ለምለም ሣር ይዘዋል፤ በጋሞ አገር ሽማግሌ ሲለምን ባዶ እጁን አይሄድም። ገና ሳይሳፈሩ እኔን ጠሩኝ።

«ልጁ መልስ ሳይገኝ ለአባት አይታይም። ነውር ነው» አሉኝ። «አንተ ዛሬ ሾፌር ነህ። ከመኪናው አትወርድ። ቆቡም ከራስህ አይወርድ።»

ከዚያ ከፊት ማን ይቀመጥ የሚለው ነገር ተነሣ። ጋሽ በየነ አባ ዳልጋን «እርስዎ ይግቡ» አሉ። አባ ዳልጋ «ኧረ በእግዜር፣ እርስዎ እያሉ!» አሉ። ሁለቱም ወደ አቶ ማርቆስ ዞሩ። አቶ ማርቆስ «ሽማግሌ ከኋላ ተቀምጦ እኔ ከፊት?» ብለው ደነገጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲገባበዙ ከቆዩ በኋላ ሦስቱም ከኋላ ካሶኒው ላይ ወጥተው ክሩ ላይ ተቀመጡ። የፊቱ ወንበር ባዶውን ሄደ። አገራችን ውስጥ ስንት የፊት ወንበር በመከባበር ብቻ ባዶውን እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

ኬላ ላይ ጠባቂው የጉዞ ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ አነበበው። ክር ይላል እንጂ ሽማግሌ አይልም።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለኝ።

«የክር ባለሙያዎች ናቸው፣ ጓድ።»

አንድ በአንድ አያቸው። ጋሽ በየነ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። አቶ ማርቆስ እንዳይዋሹ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። አባ ዳልጋ ግን ዝቅ ብለው ከእሽጉ አንዲት ክር መዘዙና በጣታቸው ፈትለው በጥርሳቸው በጠሷት። «የማይረባ ነው» አሉ። ጠባቂው ሰንሰለቱን አወረደልን።

የላንቴ ሜዳ የሐሳበኛ ጠላት ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሙዙ ግራና ቀኝ፣ ቅጠሉ ሁሉ በነፋስ እየተወዛወዘ «ተኛ፣ ተኛ» የሚል። እኔ አልተኛሁም፤ ታንከሩን ነው ያሰብኩት። ከተቀመጥኩበት ሥር ዶርዜና ሶዶ ደርበው አሉ። ከአስቴር ጋር ተጋብተን፣ እሷ በባዶው የፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ደብተር እያረመች፣ እኔ እየነዳሁ፣ ወዴት እንደምንሄድ ሳንነጋገር ስንሄድ ይታየኛል። ቀይ እስክሪብቶዋ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ለአንዱ ተማሪ ሳታስበው ትክክል ትሰጠዋለች። በዚህ መካከል ከጣሪያው ላይ እንደ ከበሮ ይደለቅ ጀመር። ለካ አባ ዳልጋ ናቸው። የዶርዜን መታጠፊያ ካለፍነው ብዙ ቆይተናል፤ ሰዎቹ እኔ እስክሰማ ድረስ እጃቸው አብጧል። ዞረን ተመለስን። ቤንዚን ሞልቶ የለ!

ዳገቱን ያዝን። ሙዙ ቀረ፤ አየሩ መቀዝቀዝ ጀመረ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሰለና ዝም አለ። አስነሣሁት፤ ተነሣ፤ ሞተ። ደግሜ አስነሣሁት፤ ሊነሣ ፈልጎ ሐሳቡን ቀየረ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነው።

ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ጋሽ በየነ ወደ ታች ላለማየት ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው አንዲት ቁጥቋጦ ጨበጡ። መቀመጫውን አንስቼ ቀርከሃዋን ነከርኩ። ያቺ ጠዋት ሶዶ አፋፍ የደረሰች ቀርከሃ አሁን ጫሞ ላይ እንኳ በቅጡ አልደረሰችም።

«ትንሽም ቢሆን ቤንዚን አለ» አሉ አቶ ማርቆስ። «ምናልባት ካንዴላው ይሆናል።»

«እንመለስ!» አሉ ጋሽ በየነ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ፍሪ አድርገህ ልቀቃት፤ ያለ አንዲት ጠብታ ላንቴ ታወርደናለች። እዚያ ሙዝ እየበላን እንመካከራለን።»

አባ ዳልጋ ግን ጎንበስ ብለው መኪናዋን ከሥር አዩ፣ ዳገቱን አዩ፣ ከዚያ የያዙትን የውሃ ቅል አጋድመው አሳዩን። ውሃው ወደ ሆዱ ሄዶ አፉ ደረቀ።

«መኪናው እንዲህ ነው» አሉ። «ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ ሄደበት። የሚጠጣበት አፉ ከፊት ነው። ዳገት ላይ ስለዚህ አይጠጣም።»

ጋሽ ኦይቻ ከ«ግን» በኋላ ሊሉኝ የፈለጉት ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ስትለካ ሜዳ ላይ ይሁን! እኔ ደጃፌ ዳገት ላይ አንጋጥጬ አቁሜ፣ ቤንዚኑ ሁሉ ክዳኑ ወዳለበት ወደ ኋላ ተጠራቅሞ፣ ያለውን እጥፍ አስመስሎ ነው ያሳየኝ። በዚያ ላይ ሴቻን ሁለት ዙር፤ በዚያ ላይ ያለፍኩት መታጠፊያ።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ አባ?»

«አዙረው። በኋላው ይውጣ።»

«ስንት ኪሎ ሜትር?» አሉ አቶ ማርቆስ።

«እስከ ኩማ ቤት።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈራሁ። እኔ በፊት ማርሽ እንኳ በቅጡ የማልነዳ ሰው ነኝ። ከታች ላንቴ ትታያለች፤ ፍሬኑን ማላላት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፣ መሬቱ ራሱ ይወስደኛል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀላል መንገድ ቀርቦልኝ አያውቅም። አስቴር ግን ታች አልነበረችም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ላይም ብወጣ ለእኔ የለችም። ገብቼ መሪውን ያዝኩ።

መኪናዋን በዚያ ጠባብ መንገድ ለማዞር የወሰደብንን ጊዜ አልናገርም፤ ጋሽ በየነ ያኔ የተሳሉትን ስለት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ብቻ ዞረች። አፍንጫዋ ወደ ሐይቆቹ፣ ጀርባዋ ወደ ዶርዜ ሆነ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የኋላ ማርሽ አስገባሁና ሽቅብ ጀመርን።

ችግሩ ክሩ ተከምሮ የኋላውን መስታወት ስለጋረደው ምንም አላይም። ስለዚህ አባ ዳልጋ ካሶኒው ጫፍ ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ሣሩን በሌላው ገመዱን ይዘው መንገድ ይመሩኝ ጀመር። ግራና ቀኝ አይሉም። «ወደ ተራራው!» ይላሉ፤ ወደ ተራራው እጠመዝዛለሁ። «ወደ ገደሉ!» ይላሉ፤ ወደ ገደሉ እጠመዝዛለሁ።

«እባክዎ አባ» ሲሉ ሰማኋቸው ጋሽ በየነን፣ «ያንን ቃል አይጥሩብኝ።»

አባ ዳልጋ ለሰው የሚያዝኑ ናቸው። ከዚያ በኋላ «ወደ ሐይቁ፣ ትንሽ ወደ ሐይቁ» ይሉኝ ጀመር። ቦታው ያው ነው፤ ቃሉ ግን ሲሰሙት ደስ ይላል።

እኔ ደግሞ ከፊቴ የማየው ሌላ ዓለም ነበር። በሕይወቴ በመኪና ስሄድ የማየው የምሄድበትን ነው። ያን ቀን ግን የማየው የተውኩትን ብቻ ሆነ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከመስታወቱ ፊት አገሩ እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ የላንቴ ሙዝ፣ ከዚያ ደኑ፣ ከዚያ አባያ፣ ከዚያ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለው የእግዜር ድልድይ፣ ከዚያ ጫሞ ደግሞ ከበስተጀርባው ቀስ ብሎ ብቅ። እኔ የማደርገው ነገር የለም፤ ማርሹ ይጮኻል፣ መኪናዋ በእግረኛ እርምጃ ወደ ኋላ ትሳባለች፣ አገሩ ከፊቴ እንደ ጋቢ ይዘረጋል። ጭጋግ መጥቶ ይሸፍነዋል፤ ደግሞ ይገልጠዋል። ፍርሃቴ የት እንደ ገባ አላውቅም። ሴቻ ያለው ደጃፌ የቱ ጋ እንደሆነ ፈለግሁት፤ አጣሁት። ያ ሁሉ ከሰዓት ተጋድሜ ያለምኩበት ቦታ ከዚህ ሲታይ አንዲት ነጥብ እንኳ አታክልም። ይህን ማየቴ ለምን ደስ እንዳለኝ አልገባኝም፤ ብቻ ደስ አለኝ።

«ወደ ተራራው! ወደ ተራራው አልኩህ!»

አዎ፤ ሐሳብ ይዞኝ ነበር።

በእግር የሚወጡ ሰዎች በአቋራጩ እየገቡ ይቀድሙናል። አንዲት ቀርከሃ የተሸከመች ሴት ሦስት ጊዜ አገኘችን፤ በሦስተኛው ሸክሟን አሳርፋ ቆመች።

«መኪናው ምነው አኮረፈ?» አለች።

አባ ዳልጋ በጋሞኛ አንድ ነገር መለሱላት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ተጠግታ በመስኮቱ ቆቤንና ፊቴን በደንብ አየችና፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ እየሳቀች በአቋራጩ ሽቅብ ጠፋች። ምን እንዳሏት አልጠየቅሁም። ራዲያተሩ መፍላት ጀምሮ ስለነበር ከምንጭ ውሃ ሞልተን፣ ሞተሩን በልመና አቀዝቅዘን፣ እንደገና ተነሣን።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከእንሰቱ በላይ የዶርዜ ቤቶች ረጃጅም አናት ታየ። ታየ የምላችሁ ለሽማግሌዎቹ ነው፤ እኔ የማየው ጫሞን ነው። አቶ ኩማ ከአጥራቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አሁን አስቡት፤ መኪና በፊቱ ቢመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ሾፌሩ ነው፣ ሽማግሌዎቹ አቧራ ለብሰው ከኋላ ይመጣሉ። እኛ ግን በኋላችን ስለመጣን መጀመሪያ የደረሱት ሽማግሌዎቹ ሆኑ፤ ነጭ ለብሰው፣ ነጭ ክር ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ አባትየው አድርገው፣ አባ ዳልጋ ለምለሙን ሣር ከፍ አድርገው። አቧራውን ሁሉ የቃምኩት እኔ ነኝ። ከአጥሩ ውስጥ ወደ ኋላ ገብተን ቆምን፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ወዲያው ሞተሩ ራሱ በፈቃዱ ጠፋ። ቀርከሃዋን ብነክራት ደረቅ ወጣች። ላንቴም የለች።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ቆቤን እስከ ቅንድቤ አውርጄ መሪዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አስቴር ቆጮና ዳጣ በሳህን ይዛ መጣች። ለእንግዳ ሾፌር ምግብ መውሰድ ማንንም አያስጠረጥርምና አልተጣደፈችም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ሳህኑን በመስኮት አቀበለችኝ።

«ብላ፣ ሾፌር» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ዝቅ አድርጋ፣ «ለምንድን ነው በኋላህ የመጣኸው?»

«ታንከሩ…»

«ተወው። ምናለ ዛሬ እንኳ ታንከር ባታነሣ!» ብላ ሳቋን አፍና ሄደች። ዳጣው ጠንካራ ስለነበር ዓይኔ አለቀሰ፤ ወይም በዳጣው አሳብቤ ነው።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ኩማ ብቻቸውን ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣታቸው በክር የጠነከረ ሰው ናቸው። የፊቱን በር ከፍተው ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሾፌር፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሽማግሌ ያሞግሳል። ውስጥ ልጁን ሲያሞግሱት ሰምቼ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ እስከ ዛሬ ማን አስቀረው ብዬ ወጣሁ። ሾፌር ግን ሰውን ያውቃል። አንተ ንገረኝ። ይጠጣል?»

«ለበዓል ያህል ነው።»

«ይማታል?»

«እሱ? ዝንብ እሽ አይልም።»

«ሥራ ይወዳል?»

እዚህ ላይ «አዎ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ልጃቸውን ሊሰጡ ለሚያስቡ አባት እንዴት ብዬ?

«ይወዳል። ግን ሐሳብ ያበዛል። ሲነዳ እንኳ መታጠፊያ ያልፋል።»

«ይነዳል እንዴ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ይዋሻል?»

ቆቡ በግንባሬ ላይ ከበደኝ። «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አይዋሽም ነበር» አልኩ።

አቶ ኩማ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመስታወቱ ወደ ሐይቆቹ አዩ። እኔም አብሬ አየሁ።

«ቤንዚን ከታች እንዳነሳችሁ ሰማሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። መኪና የተበላሸበት ሰው ሁሉ ከዚያ መታጠፊያ ወደ ታች ይለቃታል። ቁልቁለት ቤንዚን አይፈልግም። እናንተ ለምን አልተመለሳችሁም?»

«ጋሽ በየነ እንመለስ ብለው ነበር። ግን ስድስት ሰዓት ካለፈ ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። «ማለቴ» አልኩ፣ «ልጁ… ልጁ እንዲያ ይል ነበር ብዬ…»

አቶ ኩማ ወደ እኔ አልዞሩም። በሩን ከፍተው ወረዱና ልብሳቸውን አስተካክለው ወደ ቤት ገቡ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ። ጋሽ በየነ በመስኮት ጎንበስ አሉ። «ከዘመድ ልማከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ብለዋል» አሉኝ። «አይዞህ፣ ወጉ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም።» ወግ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ለእኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው። የዚህ ወር ኩፖን አልቋል። የሶዶዎቹ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት መኪና፣ በሙሉ ታንከር፣ በፊታቸው እየነዱ ይመጣሉ። እኔ ምን ነበር የተናገርኩት? ለአባትየው «ፈራሁ» አልኩ። ፈሪ ነኝ ብሎ ለሚስቱ አባት የተናገረ ሰው ካለ ንገሩኝ። ቢያንስ ዝም ብል ምን ነበረበት!

ክሩ ከወረደ በኋላ የሚቀረው መግፋት ነበር። ከአጥሩ እስከ መንገዱ ትንሽ ከፍታ አለች፤ እሷን ካለፍን እስከ ላንቴ ድረስ ቁልቁለት ነው። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተሰለፉ። ጎረቤት ያሉ ሸማኔዎችም ሥራቸውን ትተው መጡ። እኔ መሪ ያዝኩ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ጮኹ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ገፉ። ሌላ ሰው ተጨመረ። አቶ ማርቆስ ማረን ሲሉ ይሰማኛል። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። አስቴርን ሁለት መኪና ይዘው የመጡ ሰዎች ሲያጅቧት፣ ሄዳ ከዓይኔ ስትጠፋ ነበር የሚታየኝ። «ኧረ ምን ጭነሃል?» ይላል አንዱ ከኋላ እያለከለከ። ምን እንደጫንኩ ብነግረው ባልገባው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ገፉ፤ መኪናዋ አቃሰተች እንጂ አልሄደችም።

በመስኮቱ በኩል የአቶ ኩማ ፊት ብቅ አለ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፤ ለካ እሳቸውም ከሚገፉት ጋር ነበሩ። እጃቸውን አስገብተው የጋሽ ኦይቻን ቆብ ከራሴ ላይ አነሡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው እንጂ፣ ሙሽራው!»